መሬቱ ከመሸንሸኑ በፊት የእግር መንገዱን አስምሩልን
ግልጽ ደብዳቤ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር

ለከተማው የፕላን፣ የመሬትና የአረንጓዴ ልማት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በከተማዋ ዳር ያሉ የእግር መንገዶችና ክፍት ቦታዎች በፕላን እንዲያዙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ለመሥሪያ ቤት ግልጽ ደብዳቤ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ «ይህን ሥሩልን» ለማለት ነው። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ቀለል ይላል። አዲስ ነገር አትሥሩልን። ያለውን የእግር መንገድ በካርታ ላይ አስምሩት፤ ከዚያ ማንም እንዳያጥረው ጠብቁልን። በቃ ይኸው ነው።

የምናገረው በከተማዋ ዳር ስላሉት ሰፈሮች ነው። ከማራኪ ወደ አዘዞ ስትወርዱ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጠዳ፣ የትናንቱ ማሳ ዛሬ የማኅበር ቤት ሆኗል። ይሁን፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል። እኔም ከእነዚሁ ቤቶች በአንዱ ነው የምኖረው። ግን እነዚህ ማሳዎች መንገድ ነበራቸው። ከጋራው ወደ ገበያ፣ ከሰፈር ወደ ደብር፣ ከወንዝ ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ። ማንም በጀት ሳይዝለት፣ ማንም ሪባን ሳይቆርጥለት፣ ሰውና አህያ እየረገጠ ያቀናው። ፕላኑ ሲነደፍ መሬቱ በካሬ ተቆጠረ፤ መንገዱ አልተቆጠረም። ካርታ የለውማ። ካርታ የሌለው ነገር በእኛ ከተማ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

በእኛ ሰፈር አንድ አቋራጭ ነበር። ከቤቶቹ ጀርባ ይነሳና ክትክታ የሸፈነውን ጉብታ ዞሮ፣ ትንሿን ጅረት ተሻግሮ ደብራችን ደጃፍ ያደርሳል። ዳር ዳሩን ቀጋና አጋም ነበረበት። ልጆች አጋሙን ለቅመው አፋቸው ጠቁሮ ነበር ወደ ቤት የሚገቡት። አንድ ድርጅት ቦታውን ተመራና ዙሪያውን ቆርቆሮ መታበት። ቆርቆሮው ከጉብታው ይነሳል፤ ጅረቱ ውስጥ ገብቶ ያበቃል። ሰው ሊያልፍ ቢሞክር ወይ ውሃ ውስጥ ነው፣ ወይ የቆርቆሮው ስለት ላይ። ስንጠይቅ ካርታውን አሳዩን። ካርታው ትክክል ነው፤ ነውር የለበትም። ችግሩ መንገዱ በካርታው ላይ አለመኖሩ ነው። ለአቤቱታ የሄድንበት ቢሮ ደግሞ መንገድ ስለመኖሩ ማስረጃ አምጡ አለን። እግራችን ነዋ ማስረጃው!

የዚህ ጉዳይ ክብደት የገባኝ በሶምሶማ አይደለም፤ በቀብር ነው። ክረምት ላይ አንዲት ጎረቤታችን አረፉ። እድሩ እንደ ወጉ ተሰባሰበ። በድሮው መንገድ ቢሆን ከቤታቸው እስከ ደብሩ ቅርብ ነው። መንገዱ ስለታጠረ አስከሬኑን ይዘን በአስፋልቱ ዞርን። በየማረፊያው ቆም ሲባልና ፍትሐት ሲደረስ ከኋላ አይሱዙ ክላክስ ይነፋል። ባጃጅ በጎን ሊያልፍ ሲሞክር ጥላ የያዙትን ዲያቆን ወደ ቦዩ ገፋቸው። ሾፌሮቹን መውቀስ አይቻልም፤ መንገዱ የመኪና ነው። የእኛ የሰዎቹ መንገድ ግን ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ይህ እንግዲህ አንድ ሰፈር ነው። በከተማዋ ዙሪያ ተመሳሳይ ታሪክ የሌለው እድር ካለ ይንገረኝ።

«የእግር ጉዞ» ሲባል ብዙ ሰው ስፖርት ቱታ የለበሰ ሰው ይታየዋል። እሱም አለ። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ የአዘዞን አስፋልት ብታዩት ሶምሶማ የሚሮጠው ብዙ ነው። በጨለማ፣ ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋ ነው የሚሮጠው፤ ሌላ ቦታ የለውም። ግን መንገዶቹን በዋናነት የሚጠቀሙባቸው ሌሎች ናቸው። እንጨት ተሸክመው ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚወርዱ እናቶች። ተማሪዎች። ቅዳሴ አስቀዳሾች። ጥጃ የሚያግዱ ሕፃናት። ለእነዚህ ሰዎች አንድ አቋራጭ ሲዘጋ በቀን ውስጥ ጊዜና ጉልበት ነው የሚወሰድባቸው። ጀርባዋ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያዘለች ሴት ዙሪያውን ሂጂ ስትባል ማየት ያሳፍራል።

የጤናውን ነገርም ሳልነካው ማለፍ አልችልም። ስኳርና ደም ግፊት የሌለበት ቤት እየጠፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ሐኪሞቻችንም «እግርዎን ያንቀሳቅሱ» ብለው ይሸኙናል። እሺ፣ የት? ግቢያችን 200 ካሬ አይሞላም። ውጭው አስፋልት ነው። ወደ ሰሜን ከተጓዝን ደግሞ ዓለም የሚያውቀው የሰሜን ተራራ አለን፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን አለን። ፈረንጁ ውቅያኖስ አቋርጦ ሊራመድበት ይመጣል። እኛ ደግሞ ከደጃችን ያለው ጉብታ ላይ መውጫ አጥተናል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ፕላን ላይ ልመለስ። በሀገራችን የከተማ ፕላን አሠራር 30 በመቶው መሬት ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንደሚውል ይነገረናል። በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ነገር ነው። የእግር መንገድ ከሁለቱ 30ዎች በየትኛውም ሊቆጠር ይችላል፤ መንገድም ነው፣ አረንጓዴም ነው። በየዳር ሰፈሩ እንደማየው ግን አንዱም ጋ አልተቆጠረም። ለአረንጓዴ ተብሎ የሚተወው ቦታስ የትኛው ነው? ቤት ሊሠራበት የማይችለው የገደል አፋፍ፣ ጎርፍ የበላው ቦረቦር። ሰው አይደርስበትም፤ ስለማይደርስበት ቆሻሻ ይደፋበታል። ቆሻሻ ሲሞላ «ቦታው ያለ ጥቅም ተቀምጧል» ይባላል። ከዚያ ለአንዱ ይሰጣል። ይህን ሂደት ለመተንበይ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ «ፓርክ እየሠራን ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። ፓርክ ጥሩ ነው። መሐል ከተማ ጃንተከል ዋርካ ሥር አረፍ ያለ ሰው የጥላን ዋጋ ያውቃል። ነገር ግን በር፣ ጥበቃና ቲኬት ያለው ግቢ የእግር መንገድን አይተካም። ፓርክ መድረሻ ነው። መንገድ የሚያስፈልገን ለመሄድ ነው፤ እየሄድንም አየር እንድናገኝ፣ ዛፍ እንድናይ። በርካሽ ደግሞ የሚገኘው መንገዱ ነው። ለፓርኩ የሚወጣው የንጣፍና የመብራት ገንዘብ ሲሶው እንኳ ለመንገዶቹ አያስፈልግም።

ለአረንጓዴ ቦታ ማሰብ ደግሞ ለጎንደር አዲስ ፋሽን አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ አዘዞ ላይ ገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን ሲያሠሩ የአትክልት ስፍራና የውሃ ገንዳ አብረው አሠርተዋል። አዘዞ ዛሬ የእኛ የዳር ሰፈር ናት! እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ከከተማው ጫጫታ ወጣ ብለው ቁስቋም ጋራ ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ሠሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲመጣ ያስጠጉትም እዚያው ነው። ኅዳር 6 ቀን ለንግሥ ወደ ቁስቋም የሚወጣው ሕዝብ አብዛኛው ዛሬም በእግሩ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴም አለች። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ተርፋለች፤ ንብ አዳናት ይላሉ አባቶች። እኔን የሚገርመኝ ግን ከቅጥሩ ውስጥ ያሉት ጽድና ወይራዎችም አብረው መትረፋቸው ነው። ጎንደር ዙሪያ ነባር ዛፍ ማየት የፈለገ ሰው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የሚሄደው። ካህናቱ ዛፉን ያቆዩት በዘመቻ አይደለም። ወሰኑን ስላወቁና ስላስከበሩ ነው።

ስለ ወንዞቹም አንድ ነገር ልበል። ቀሃ በምዕራብ፣ አንገረብ በምሥራቅ ከተማዋን ያቅፏታል። ከከተማው በታች አልፈው በመገጭ በኩል ጣና ይገባሉ። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው በቀሃ ውሃ ነው። የጥር 11ን በዓል ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦልናል። መዋኛውን አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ፎቶ ያላነሳ ጎብኚ የለም። ወንዙን ራሱን ግን ወረድ ብላችሁ እዩት። ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ባጃጅ የታጠበበት የዘይት ውሃ። የወንዙ ዳር የማንም ስላልሆነ ሁሉም ይደፋበታል። ከመዋኛው ተነስቶ የቀሃን ዳር ይዞ ወደ ቁስቋም የሚያወጣ ደህና የእግር መንገድ ቢኖር ግን በየቀኑ የሚያልፍ ዓይን ይኖራል። ሰው በሚያየው ቦታ ጋሪ ሙሉ ቆሻሻ መድፋት ይከብዳል።

አንገረብማ የባሰ ነው። ግድቡ የከተማችን የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነው፤ ደለል እየሞላው መቸገሩ ደግሞ የአደባባይ ሚስጥር ነው። ደለሉ ከሰማይ አልወረደም። ከላይ ካለው ከተራቆተው ተዳፋት ነው የሚመጣው። ውሃ በፈረቃ ሆኖ ሌሊት ጀሪካን ስንደረድር የምናድረው አንዱ ምክንያት ከግድቡ በላይ ሣርና ቁጥቋጦ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ከግድቡ በላይ ያለውን ተዳፋት ክፍት አድርጎ መተው ለመዝናኛ ብቻ አይደለም፤ የቧንቧ ጉዳይም ነው።

ባሕር ዛፍን መሳደብ ቀላል ነው። እኔ አልሳደብም። የእንጀራችን ምድጃ በእሱ ነው የሚነደው፤ የቤታችን መወጣጫም እሱ ነው። ብዙ ገበሬ ልጁን ያስተማረው ባሕር ዛፍ ሽጦ ነው። ግን የወንዝ ዳር ላይ አትትከሉት። ውሃውን ይመጥጣል፤ ከሥሩ ሣር አያበቅልም። ሣር የሌለው መሬት በመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ይሄዳል። ለወንዝ ዳር ሾላ፣ ዋንዛና ሰንሰል አሉልን፤ ከፍ ላለው ደግሞ ወይራና ጽድ።

አረንጓዴ አሻራው ከተጀመረ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ እንተክላለን፤ እኔም እተክላለሁ። ሐምሌ ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ውሃ ይታደላል። ኅዳር ላይ ተመልሳችሁ ግን እዩት። ችግኙን ፍየል ግጦታል፤ ጥቁሩ የላስቲክ ከረጢት ከነአፈሩ ጉድጓዱ ዳር ወድቋል። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ግንቦት እምብዛም ዝናብ የለም። ውሃ የሚያጠጣ ሰው በአጠገቡ ካላለፈ ችግኙ አይጸድቅም። ሰው ደግሞ በአጠገቡ የሚያልፈው መንገድ ካለ ነው። ችግኝ የምንተክልባቸውን ቦታዎች ከእግር መንገዶቹ ጋር አያይዟቸው የምለው ለዚህ ነው። መንገዱን ለየሰፈሩ እድር ወይም ለትምህርት ቤት ክበብ ስጡት። እድር ድንኳን፣ ወንበርና መዝገብ ያለው፣ ከሁሉም በላይ ቅጣት መጣል የሚያውቅ ተቋም ነው። የቀረን አባል እንደሚቀጣ ዛፍ የቆረጠውንም ይቀጣል።

ስለ አሠራሩ ደግሞ አደራ፣ ኮብልስቶን ካላነጠፍን አትበሉ። ውድ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል። የእግር መንገድ ጠላቱ ውሃ ነው። ከቁልቁለቱ ጋር ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል፤ እግረኛው ከዳሩ ሌላ መንገድ ይረግጣል፤ እሱም ይቦረቦራል። መፍትሔውን ገበሬው ያውቀዋል። ማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣ የለ? መንገዱ ጋራውን በአግድም ዘወር እያለ ይውጣ። በየተወሰነ ርቀት ድንጋይ ሰያፍ ተደርድሮ ጎርፉን ወደ ሣሩ ያውጣ። ዋልካው የባሰበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጣል፣ ጫማ እንዳይቀር። ጅረት ላይ መሻገሪያ ድንጋይ። ይህን በሥራ አጥ ወጣቶች ማኅበር በአንድ በጋ ማሠራት ይቻላል። እኛም እሑድ እሑድ ጉልበት እናዋጣለን።

ቱሪዝሙንም ላንሳ፤ አስጎብኚ ወዳጆቼ ካላነሳሁት ያኮርፉኛል። እንግዳ ሲመጣ ፋሲል ግቢን ያያል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ግቢ ስለሆነ ማየቱ አይቀርም። መዋኛውንና ሥላሴን ያያል። በማግስቱ ወደ ደባርቅ ይነዳል፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌላ ቀን የሚያስቆየው ነገር ከተማው ውስጥ አላሳየነውም። ከመዋኛው እስከ ቁስቋም የግማሽ ቀን ጉዞ ቢኖር፣ ከጎሃ ጋራ ላይ ከተማዋን የሚያሳይ ሌላ መንገድ ቢጨመር፣ አንድ አዳር ይጨምራል። አንድ አዳር ማለት እራት ነው፣ ቡና ነው፣ የባጃጅ ሒሳብ ነው። እርግጥ ጊዜው እንደምታዩት ነው፤ እንግዳውም ቀንሷል። ለእኔ ግን መንገዱን አሁን ለማስቀመጥ ይህ ተጨማሪ ምክንያት ነው። እንግዳው ሲመለስ መሬቱ አልቆ አያገኘን።

ስለ ጸጥታም እንዳልረሳው ነው። በዚህ ጊዜ ማን ጋራ ለጋራ ይዞራል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሰው ይፈራል። በተለይ ሴቶች ብቻቸውን ሲሄዱ ይሰጋሉ። የታጠረ ቆርቆሮና የተዘጋ ጠባብ ስርጥ ግን ስጋቱን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። ግራና ቀኙ የሚታይ፣ ሰው የሚበዛበት፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ቀጥ ብሎ የሚያወጣ መንገድ ነው የሚሻለው። ረጅሙ ጉዞ ለደህና ቀን ይቆይ። ከሰፈር እስከ ደብር ያለውን ግን ዛሬም እንሄድበታለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በዳር ሰፈሮች አዲስ ቦታ ከመመደቡ በፊት የፕላን ባለሙያ ከየሰፈሩ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይዞ መንገዶቹን በእግሩ ይሂድባቸው። ስልክ ላይ ባለ ጂፒኤስ መመዝገብ ይቻላል፤ ከባድ መሣሪያ አይፈልግም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን፣ አስከሬንም ተሸክሞ የሚያሳልፍ ስፋት ይያዝላቸው። በቀሃና በአንገረብ ዳር፣ በትንንሾቹ ጅረቶችም ጭምር፣ ግንባታ የማይገባበት ወሰን ይከለልና ችካል ይመታበት። ቀድሞ የተሰጠ ቦታ መንገድ ዘግቶ ከሆነ ባለቤቱ በአጥሩ ዳር ማለፊያ እንዲተው ተነጋገሩት፤ አብዛኛው ሰው እምቢ አይልም፣ የጠየቀው ስለሌለ ነው። ደግሞ ረቂቁን በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን፤ የቀረ መንገድ ካለ እኛ እንጨምርበታለን።

አንዴ ካርታ ወጥቶ መሠረት ከተቆፈረ በኋላ ማንም ማንንም አያስነሳም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። አሁን የሚያስፈልገው እርሳስ ነው። ኋላ የሚያስፈልገው ካሳ፣ ፍርድ ቤትና ዶዘር ነው።

መልሳችሁን በደብዳቤ ባትልኩም ግድ የለም። ረቂቁ ከሚቀጥለው የቦታ ምደባ በፊት ሰሌዳው ላይ ከወጣ እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በማራኪና በአዘዞ መካከል የሚኖር የከተማችሁ ነዋሪ
ጎንደር